የአቶ አድማሴ ሶላር ደህና ነው

አቶ አድማሴ ከእንጅባራ ገበያ ወደ ዘንገና ሲመለሱ ከማንም ሰው ጋር መገናኘት አልፈለጉም። ወትሮ ቢሆን በየመንገዱ ቆመው የሰውን ጤና፣ የከብቱን ጤና፣ የአዝመራውን ሁኔታ ሳይጠይቁ የሚያልፉ ሰው አልነበሩም፤ እንዲያውም ከእርሳቸው ጋር መንገድ የወጣ ሰው ቶሎ እደርሳለሁ ብሎ ተስፋ አያደርግም ነበር። የዚያን ቅዳሜ ግን ዳማ ፈረሳቸውን እየሳቡ፣ ባርኔጣቸውን ወደ ዓይናቸው ዝቅ አድርገው፣ ሰው የማይበዛበትን መንገድ መርጠው ነበር የሚሄዱት። ምክንያቱ ከኮርቻው ጎን በከረጢት ውስጥ የተሸጎጠች አንዲት ትንሽ ጀሪካን ነበረች። በጀሪካኗ ውስጥ ላምባ አለ። ላምባ ደግሞ በከረጢት ቢሸፍኑት፣ በከረጢቱ ላይ ጋቢ ቢደርቡበት፣ ሽታው ከባለቤቱ ቀድሞ መንገድ ይጀምራል።

ላምባ መግዛት ለሌላው ሰው ነውር የለውም። ለአቶ አድማሴ ግን ነበረው። ባለፈው ግንቦት ለዘንገና ገበሬዎች ስሱ ሶላር የሚባል አዲስ የፀሐይ መብራት ለሙከራ ሲታደል፣ ሁሉም ሲያመነታ፣ «መጀመሪያ እኔ ጣራ ላይ ይሁን» ብለው የተቀበሉት እርሳቸው ናቸው። ጎረቤቱ ሁሉ እርሳቸውን አይቶ ተቀበለ። ከዚያም ክረምቱን ሙሉ ጠያቂ በመጣ ቁጥር «ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ሲሉ ከረሙ። እንግዲህ ቤቱ በብርሃን የተሞላ ሽማግሌ ላምባ ምን ያደርግለታል? ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው እንዳይገጥማቸው ነበር የሚሸሹት።

የሸሹት ነገር ግን ከፊታቸው ጭቃ ውስጥ ተቀምጦ ጠበቃቸው። ወደ ዘንገና ሐይቅ የሚገነጠለው መንገድ አጠገብ አንድ ባጃጅ እስከ ጎማው ሰምጦ ቆሟል። ሹፌሩ ከኋላ ይገፋል፤ ተሳፋሪዋ ቀሚሷን ሰብስባ ወርዳ ዳር ቆማለች። ተሳፋሪዋ ዮዲት ነበረች።

ዮዲት የሩቅ ሰው አይደለችም። እዚያው ዘንገና ተወልዳ ያደገች፣ የአቶ አድማሴ ባለቤት ወይዘሮ ማናለብሽ ክርስትና ያነሧት ልጅ ናት። ምሕንድስና ተምራ ከተመረቀች በኋላ እንጅባራ ላይ በተከፈተው የስሱ ሶላር ሥራ ተቀጥራለች። ዘንገና ያሉትን ሶላሮች የምትከታተለውም እርሷ ናት። ከዓለም ሕዝብ ሁሉ መካከል አቶ አድማሴ በዚያች ሰዓት ሊያገኟት ያልፈለጉት አንድ ሰው ቢኖር እርሷ ነበረች።

ልጅቱ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። በአዊኛ ሰላም ተባባሉ፤ ቤተሰቡ፣ ከብቱ፣ ገብሱ፣ ድንቹ አንድ በአንድ ተጠየቀ፤ ሁሉም ደህና ሆኖ ተገኘ። ዳማም ባጃጇን ከጭቃ ጎትቶ አወጣት። ዮዲት ሹፌሩን አመስግና አሰናበተችውና «እኔም ወደ እናንተው ነበር የምመጣው፤ አብረን እንሂድ» አለች። አቶ አድማሴ እምቢ የሚሉበት ምክንያት ፈልገው አጡ።

ጥቂት እንደ ሄዱ ልጅቱ፣

«ሶላሩስ እንዴት ነው አባባ?» ብላ ጠየቀች።

«ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ማታ ማታ ይበራል?»

«እንዴታ! እንደ ቀን ነው የሚሆነው።»

ዮዲት ጨዋ ልጅ ነበረችና የምታየውን እንዳላየች ሆና ብዙ መንገድ ሄደች። በመጨረሻ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«አባባ፣ ላምባው እየፈሰሰ ነው» አለች።

እውነትም ዳማ ባጃጇን ሲጎትት የጀሪካኗ ክዳን ላልቶ ኖሮ፣ ላምባው በፈረሱ ሆድ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። አቶ አድማሴ ፈረሱን አቆሙ፤ ክዳኑን አጠበቁ፤ እጃቸውን በሣር ጠረጉ። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ቀና አላሉም። ሽበት ያለው ሰው ሲያፍር ማየት ያሳዝናል፤ ዮዲትም ፊቷን ወደ ሐይቁ አዙራ ጠበቀቻቸው።

«በይ እሺ» አሉ በመጨረሻ፤ «ከነሐሴ ጀምሮ አይበራም። መጀመሪያ ደከመ፣ ከዚያ ጭልጭል አለ፣ ከዚያ ጠፋ።»

«ታዲያ ለምን ደህና ነው አሉኝ? ክረምቱን ሦስቴ መጥቼ ጠይቄዎታለሁ።»

ሽማግሌው በዚህ ጥያቄ ከሐፍረታቸው ነቃ አሉ። ባጠፉት ቢያፍሩም ባመኑበት አያፍሩም ነበርና ክርክሩን ያዙት።

«አንቺ ልጅ፣ ሰው ቤት በእንግድነት ገብተሽ ወጥ ቢቀርብልሽ ጨው አንሶታል ትያለሽ?»

«አልልም።»

«ለምን አትይም?»

«ባለቤቲቱን ማሳፈር ይሆናል።»

«እኔም ይኸንኑ ነው ያደረግሁት። አንቺ የእኛ ልጅ ነሽ። ተምረሽ፣ ደክመሽ፣ ይህን ነገር ይዘሽልን መጣሽ። እኔ ተበላሸ ብዬ ባወራ ነገ አለቆችሽ ምን ይላሉ? የዮዲት ሥራ ከንቱ ነው ይላሉ። እንጀራሽን ልዝጋ? ለአንቺ ስል በጨለማ ቤት ተቀመጥኩ፤ ማናለብሽም ብታጉረመርም ተቀመጠች። አሁን ይህ ያስወቅሰኛል?»

ዮዲት በነገሩ ውስጥ ፍቅር መኖሩን አይታለች፤ ፍቅርን ደግሞ በንቀት መመለስ አይገባም። ብዙ የተማሩ ወጣቶች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ሽማግሌ ተሳስቶ ሲያገኙ ደግነቱን ሳያዩ ስሕተቱን ብቻ ይዘው ይዘልፉታል፤ ሽማግሌውም የተዘለፈበትን አሳብ እስኪሞት አይለቅም።

«አባባ፣ የእርስዎን ቸርነት መቼም አልረሳውም» አለች። «አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎት። ልጅ ሲዳር ድግስ አይደገስም?»

«ይደገሳል።»

«ወጡ ለሰው ሁሉ ከመቅረቡ በፊት ቀምሰሽ ንገሪን ተብላ የምትጠራ ሴት የለችም?»

«አለች። የእኛ መንደር ደጊቱ ናት የምትቀምሰው፤ ምላሷ አይስትም።»

«ታዲያ ወይዘሮ ደጊቱ ወጡ ጨው ባይኖረው፣ ለድግሱ ባለቤት አዝናላት ‹ግሩም ነው› ብትላት፣ ለወዳጅነት ያደረገችው ይባላል?»

አቶ አድማሴ ፈገግ አሉ። «ሰው ሁሉ ጨው የሌለው ወጥ በልቶ ይሄዳል። የድግሱ ባለቤት ትዋረዳለች።»

«እርስዎ እንግዳ አይደሉም አባባ። እርስዎ ቀማሽ ነዎት። ድግሱ ገና አልቀረበም።»

ሽማግሌው ልጓሙን ይዘው ቆሙ። ነገሩ ገብቷቸዋል፤ ቶሎ መረታት ግን አልወደዱም። «ቀማሽ መሆኔን ማን ነገረኝ?» አሉ። «ሶላር አመጣንላችሁ ብላችሁ ጣራዬ ላይ ሰቀላችሁት። ስጦታ መስሎኝ ነበር።»

ዮዲት በዚህ ጊዜ እርሷም አንገቷን ደፋች። «እውነትዎን ነው፤ በደንብ አልነገርንዎትም። ይህ የእኛ ጥፋት ነው። አሁን ልንገርዎት» አለችና መንገዱን እየሄዱ ታስረዳቸው ጀመር።

ስሱ ሶላር በከተማ ጣራዎች ላይ እንደሚታየው የመስታወት ሶላር አይደለም። ከባድ ብረትም መስታወትም የለውም። እንደ ሰሌን በሚጠቀለል ላስቲክ ላይ ከፀጉር የሳሳ ቅብ ይቀባል፤ ፀሐይን ወደ መብራት የሚለውጠው ያ ቅብ ነው። ቀላል ስለሆነ የሣር ክዳን ጎጆ እንኳ ይሸከመዋል። ይህን ነገር አንድ ሰው ወይም አንድ ቤተ ሙከራ ብቻውን ሊሠራው አይችልም። ቅቡን የሚቀምሙት ባሕር ማዶ ያሉ ሰዎች ናቸው። ቅቡን ላስቲኩ ላይ የሚያትሙት አዲስ አበባ ናቸው። በቆላ ያሉት በሙቀት ይፈትኑታል። እንጅባራ ያሉት ደግሞ በብርድ፣ በጉምና በዝናብ። እያንዳንዱ ያየውን፣ በተለይም የተበላሸበትን፣ ለሌሎቹ ይናገራል፤ አንዱ የወደቀበት ጉድጓድ ውስጥ ሌላው እንዳይወድቅ።

«እንደ ደቦ ነው በይኛ» አሉ አቶ አድማሴ።

«ደቦ ነው። አንዱ በሬ ያመጣል፣ አንዱ ማረሻ ያመጣል፣ አንዱ ጉልበቱን ያመጣል። እርስዎ ደግሞ ያመጡት የዘንገናን ክረምት ነው። በየትኛውም ቤተ ሙከራ የዘንገናን ክረምት የሚያህል ነገር መሥራት አይቻልም። እዚያ በመብራት ያሞቁታል፣ ውኃ ይረጩበታል፤ ሦስት ወር ሙሉ ጉም ተኝቶበት፣ በረዶ ወርዶበት፣ ጠዋት ተነሥቶ ፀሐይ እንዲጠብቅ ግን አያደርጉትም። እኛ ከእርስዎ የፈለግነው ምስጋና አልነበረም። ክረምቱ ምን እንዳደረገው እንዲነግሩን ነበር።»

ከዚያም ነገሩ ለምን እንዳስቸኮላት ነገረቻቸው። የፊታችን ሐሙስ የአራቱም ቦታ ሰዎች እንጅባራ ላይ ይሰበሰባሉ። ከዘንገና ቤቶች ሁሉ የመጣው መልስ «ደህና ነው» የሚል ስለሆነ፣ ሙከራው ሠምሯል ተብሎ አሠራሩ ሊጸድቅ ነው። አሠራሩ ከጸደቀ በኋላ ትልቁ ማሽን እንጅባራ ይተከላል። የአካባቢው ወጣቶች ይቀጠሩበታል። ማሽኑ በአንድ በኩል ባዶውን ጥቅል ላስቲክ ይጎርሳል፤ በሌላው በኩል ሶላር አድርጎ ይተፋዋል፤ ቀንና ሌሊት አይቆምም።

«በእጅ የሚሠራ ነገር ቢሆን አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይስተካከላል» አለች። «በማሽን ግን እንዲህ አይደለም አባባ። ዛሬ በእርስዎ ጣራ ላይ ያለች አንዲት ስሕተት ነገ በአገሩ ጣራ ሁሉ ላይ ትሆናለች። ያን ጊዜ ገዝቶ የጨለመበት ገበሬ ሁሉ የእንጅባራ ሶላር ሌባ ነው ይላል። ማሽኑ ይዘጋል። ዘንገና ደህና ነው ብዬ የተናገርኩትም እኔ ነኝ። እንጀራዬን የሚዘጋው እውነቱ አይደለም፤ ‹ደህና ነው› የሚለው ነው።»

አቶ አድማሴ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ተለዋወጠ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ልጅቱን በጀርባቸው ሸሽገው ከጅብ ያዳኗት መስሏቸው ነበር፤ ለካ ወደ ጅቡ ጉድጓድ ነበር ሲገፏት የከረሙት።

ቤት ሲደርሱ ወይዘሮ ማናለብሽ የላምባውን ጀሪካንና ዮዲትን ጎን ለጎን አይተው ነገሩ ወዲያው ገባቸው። የክርስትና ልጃቸውን አቅፈው ስመው ወደ ባላቸው ዞረው፣

«እኔ ንገራት ብዬህ ነበር» አሉ።

ዮዲት ጣራው ላይ ወጥታ ልታይ እንደምትፈልግ ተናገረች። ክረምቱን በመጣች ቁጥር ይህንኑ ጠይቃ ነበር፤ አቶ አድማሴም በተጠየቁ ቁጥር «መሰላሉን ሰው ወስዶታል» ብለው፣ እጇን ይዘው ወደ ማዕድ ያስገቧት ነበር። እርሷም የሽማግሌ ቃል ተጠራጥሮ ሌላ መሰላል ከጎረቤት መለመን ነውር ስለመሰላት በልታ አመስግና ትመለስ ነበር። በይሉኝታ ያልታሰረ አልነበረም ማለት ነው፤ የተማረውም ያልተማረውም።

አሁን ሽማግሌው ወደ በረቱ ጀርባ ሄዱና መሰላሉን ተሸክመው መጡ። ከነሐሴ ጀምሮ ከቦታው ስላልተነሣ ሐረግ ተጠምጥሞበት ነበር።

ዮዲት ወጥታ ስታይ የሶላሩ ታችኛው ጠርዝ ከዳር እስከ ዳር ነጥቷል፤ የሻገተ ዳቦ ይመስላል። ከላይ ሆና ይህን ስትናገር፣ አቶ አድማሴ ከታች ሆነው ከሁሉም የደበቁትን የመጨረሻውን ነገር አወጡት።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። «ሰው እየመጣ ‹እንዴት ያምራል፣ እንዴት ያብረቀርቃል› ሲል፣ ዓይን እንዳይበላው ብዬ አሮጌ ጋቢ እየጣልኩበት ከረምኩ። ጋቢው በዝናብ ርሶ ነው ያሻገተው። የናንተ ሥራ ምንም አልነበረበትም።»

ዮዲት ሳቋን ዋጠች። «ጋቢውን የት ነበር የሚጥሉት?»

«ከላይ በኩል። እዚያ የሚያብረቀርቀው ላይ።»

«የላዩ ግን ደህና ነው እኮ። የነጣው ታቹ ነው፤ ጋቢው ያልደረሰበት።»

ሽማግሌው ራቅ ብለው ወደ ጣራው አንጋጠጡ። ወይዘሮ ማናለብሽ ግን የባላቸውን ፊት አይተው በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ሳቁ። ሰውዬው ከነሐሴ ጀምሮ ያልሠሩትን ኃጢአት ተሸክመው ነበር የከረሙት።

ዮዲት ከመሰላሉ ወርዳ ሌላውን ነገረቻቸው። የአንድ ቤት ብልሽት ብቻውን ለሐሙሱ ስብሰባ አይበቃም፤ አጋጣሚ ነው ተብሎ ይታለፋል። የሌሎቹም ቤቶች እንዲሁ እንደ ሆነ ትጠረጥራለች፤ ነገር ግን አቶ አድማሴ ደህና ነው እስካሉ ድረስ ማንም ከእርሳቸው ቀድሞ ተበላሸ አይልም። ነገ ሰንበቴ አለ። መንደሩ ሁሉ ይሰበሰባል።

«ለአንቺ ነገርኩሽ፤ ይበቃል» አሉ ሽማግሌው። «በሰንበቴ ፊት ቆሜ ዋሸሁ ልበል? እኔ የማስታርቅ ሰው ነኝ። ሁለት ሰው ሲጣላ ማን እውነተኛ ማን ሐሰተኛ ብዬ የምፈርድ ሰው ነኝ። ይህን ሽበት ይዤ ሐሰተኛው እኔ ነኝ ልበል?»

ዮዲት አልተከራከረችም። «እርስዎ የሚበልጠውን ያውቃሉ አባባ» ብላ እጅ ነሥታ ሄደች። ለክርክር ጊዜ እንዳለው ሁሉ ለዝምታም ጊዜ አለው፤ ይህን ልጅቱ ከትምህርት ቤት ሳይሆን ከእነርሱው ከሽማግሌዎቹ ነበር የተማረችው።

በማግሥቱ ቅዳሴ እስኪያልቅ ድረስ አቶ አድማሴ አልወሰኑም ነበር። እንዲያውም ላለመናገር ያዘነበሉ ይመስላሉ። ሰንበቴው ተሰብስቦ ጠበሉ ተቀምሶ ዳቦው ሲቆረስ፣ ቄስ በዛብህ አጠገባቸው የተቀመጡትን ወይዘሮ ደጊቱን፣ እኒያኑ ምላሳቸው የማይስተውን ባልቴት፣ «ሶላሩ እንዴት ሆነልዎት?» ብለው ጠየቋቸው። የወይዘሮ ደጊቱ ዓይን ቀልቶ ውኃ ያነባ ነበር። ምን እንዳቀላው አቶ አድማሴ አውቀዋል፤ የኩራዝ ጭስ ነው፤ የማናለብሽም ዓይን እንደዚሁ ነው። ባልቴቷ ግን ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ፣

«ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እንደ አቶ አድማሴ ነው» አሉ።

እንደ አቶ አድማሴ! ይህች ቃል ሽማግሌውን ከተቀመጡበት አስነሣቻቸው። ሲነሡ ምን እንደሚናገሩ እንኳ ገና አላወቁም።

«ወገኖቼ» አሉ፤ ጨዋታው ጸጥ አለ። «ጥሊሊ ገበያ ፈረስ ስሸጥ የምታውቁኝ ታውቁኛላችሁ። እግሩን የሚያነክስ ፈረስ ያነክሳል ብዬ ነው የምሸጠው፤ የሚደነብረውን ይደነብራል ብዬ። ነውሩን ደብቄ ብሸጠው የሚወድቀው ገዢው ነውና። ክረምቱን ግን ይህን ረሳሁት። የእኔ ሶላር ከነሐሴ ጀምሮ አይበራም። ደህና ነው ስላችሁ የከረምኩት ውሸቴን ነው። ትናንት ላምባ ገዝቼ ገብቻለሁ።»

ቄስ በዛብህ የያዙትን ዳቦ አስቀመጡት። ከጀርባ በኩል እንግዳው የሚባለው ጎልማሳ ጉሮሮውን ጠረገ።

«የኔም አይበራም» አለ። «ልጆቼ ድንጋይ ሲወረውሩ መትተውት ይሆናል ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

«የኔም» አሉ ወይዘሮ ደጊቱ። «ቤቴ የሣር ክዳን ነው፤ የምድጃው ጭስ ወጥቶ ያበላሸው መስሎኝ አፈርኩ።»

አንዱ በጾም ቀን ስላሰቀለው መስሎት ነበር። ሌላው በሬው በቀንዱ ገመዱን ስለነካው። አንዲት ሴት ደግሞ ባሏ ሳያውቅ በሳሙና አጥባው ኖሮ፣ አሁን ይህን ስትናገር ባሏ ዞሮ አያት፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። እያንዳንዱ ቤት የየራሱን ጥፋት ፈጥሮ፣ የየራሱን ጥፋት ደብቆ፣ በየራሱ ኩራዝ ሲጨስ ነበር የከረመው። አቶ አድማሴ ግን አንድ ነገር ሊያውቁ ፈለጉ። የነጣው ከላይ ነው ወይስ ከታች ብለው ጠየቁ። ከዚህም ከዚያም አንድ መልስ መጣ፤ ታችኛው ጠርዝ።

ድንጋዩም፣ ጭሱም፣ ሳሙናውም፣ ጋቢውም ነጻ ወጡ። ችግሩ ሁሉም ጋ አንድ ነበር፤ ያልታየው ሁሉም ለየብቻው ስለያዘው ነው። ባሕር ማዶ ያሉት፣ አዲስ አበባ ያሉት፣ ቆላ ያሉት ለምን ተባብረው እንደሚሠሩ ለዘንገና ሰዎች ከዚያች ቀን የበለጠ ያስረዳቸው ትምህርት አልነበረም።

ሰኞ ጠዋት እንጅባራ ከተማ ያየችውን ነገር ዛሬም ድረስ ታወራዋለች። የዘንገና ሰዎች ሶላሮቻቸውን ከጣራ አውርደው፣ እንደ ሰሌን ጠቅልለው፣ በፈረስ ጭነው መጡ። አቶ አድማሴ ዳማን ለጥር የፈረሰኞች በዓል በሚያስጌጡበት ዕቃ አስጊጠውት ነበር። ወይዘሮ ማናለብሽ ይህ ሁሉ ጌጥ ለተበላሸ ነገር ምን ያደርጋል ቢሏቸው፣ «የታመመ ሰው ሐኪም ቤት ሲወሰድ አዳፋ ልብስ አይለብስም» ብለው መለሱላቸው። ባጃጆቹ መንገድ ለቀቁ። ሰው ሠርግ መስሎት ከየሱቁ ወጣ።

የሶላሩ ሥራ በሚሠራበት ግቢ በር ላይ ዮዲት ቆማ ነበር። ሽማግሌው ከፈረሳቸው ወርደው የመጀመሪያውን ጥቅል በሁለት እጃቸው አቀበሏት።

«ቀምሰነዋል» አሏት። «ጨው ይጎድለዋል።»

ዮዲት ጥቅሉን ተቀብላ አቀፈችው፤ እንባዋም ወረደ።

ሐሙስ ዕለት አሠራሩ አልጸደቀም። የተሰበሰቡት ሰዎች የዘንገናን ሶላሮች ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ጠርዙን እየነቀሉ መረመሩ። ጥፋቱ ጠርዙን የሚያሽገው ሙጫ ሆኖ ተገኘ፤ በታች በኩል የተጠራቀመ የጉም ውኃ ቀስ እያለ ይሠርግበታል። የእንጅባራ ሰዎች ይህን ለሁሉም አስታወቁ። በቆላ የሚፈትኑት ሰዎች ለአሸዋ መከላከያ ብለው ሞክረው ትተውት የነበረ ሌላ ማሸጊያ እንዳለ ተናገሩ፤ ቅብ ቀማሚዎቹ ከቅቡ ጋር እንዲስማማ አድርገው አሻሻሉት፤ አታሚዎቹ አተሙት። ማንም ብቻውን አላገኘውም። ሥራው በአንድ ዓመት ዘገየ፤ ያ ዓመት ግን አልባከነም፤ አዲሱ ሶላር ተመልሶ ዘንገና ጣራዎች ላይ ሌላ ክረምት ከረመ።

ማሽኑ የተተከለው ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ በእንጅባራ የአካባቢው ልጆች በፈረቃ ቆመው ጥቅሉን ያስገባሉ፣ ጥቅሉን ያወጣሉ። ሥራ ፍለጋ አገር ለቆ ሊሄድ የነበረው የእንግዳው ታላቅ ልጅ አሁን ጠርዝ የሚታሸግበት ክፍል ውስጥ ይሠራል፤ አባቱ በሄደበት ሁሉ «ጠርዙ የኔ ልጅ እጅ ነው» ይላል። የጤና ኬላው ክትባት የሚያቆይበት ማቀዝቀዣ አገኘ። ነፍሰ ጡሮች በሌሊት ሲመጡ አዋላጇ በስልክ መብራት መሥራት ተወች። የወይዘሮ ደጊቱ ዓይን ነጻ፤ የሣር ክዳናቸውም ሳይጎብጥ ሶላሩን ተሸክሟል። ልጆች ማታ ሲያነቡ አፍንጫቸው አይጠቁርም። ይህ ሁሉ የመጣው ሊቃውንት ስላልተሳሳቱ አይደለም፤ ተሳስተዋል። የመጣው ስሕተቱን ያየ ሰው ይሉኝታውን ጥሎ ስለተናገረ፣ የሰማውም ሳይቀየም ስለሰማ ነው። ለወዳጁ ጉድለቱን የማይነግር ሰው ወዳጁን ያከበረ ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን ብቻውን ነው የተወው።

ባለፈው ጥቅምት ዮዲት እንደ ልማዷ ወደ ዘንገና መጣች። አቶ አድማሴ ከበር ወጥተው ተቀበሏት። ሰላምታው እንደ ድሮው ረዘመ፤ ቤተሰቡ፣ ከብቱ፣ ገብሱ፣ ድንቹ ሁሉ ተጠየቀ።

«ሶላሩስ አባባ?»

«ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ከቤት ውስጥ የዶሮ ወጥ ሽታ ይመጣል፤ ወይዘሮ ማናለብሽ ማዕዱን አዘጋጅተው «ግቡ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል» እያሉ ይጣራሉ። ዮዲት ጫማዋን ከጭቃ እየጠረገች ወደ በሩ አቀናች። ሽማግሌው ግን ክንዷን ያዙና ወደ ቤቱ ጎን መለሷት። እዚያ መሰላሉ ጣራው ላይ ተደግፎ ቆሟል፤ ቀድመው አቁመውት ነበር።

«ጠዋት ጠዋት ትንሽ ይዘገያል» አሉ፤ «በስተግራ በኩል ያለችው ጠርዝ ናት የምታጠራጥረኝ። መጀመሪያ ውጪና እያት። ከዚያ እንበላለን።»